ለጌጥ የተለጠፈ እንጨት

ሰው ሲሚንቶ ይጠላል? እኔ እጠላለሁ! ከረጢቱን ሳየው አንጀቴ ያርራል።

ለመምህራን ሥልጠና ጀርመን የሄድኩ ጊዜ አንድ ጥንታዊ ቤት አስጎበኙን። ቋሚው፣ አግዳሚው፣ ሰያፍ ድጋፉ ሁሉ ከውጭ ይታያል፤ ያያያዘውም ሚስማር ሳይሆን የእንጨት ችንካር ነው። በእንጨቱ መሐል ምን እንደሞሉት ስጠይቅ አስጎብኚዋ የተላጠ ጥግ አሳየችን። የተጠላለፈ ጭራሮ፣ በላዩ ጭድ የገባበት ጭቃ!

«በስመአብ! የእናቴ ቤት!» አልኩ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ያለው፣ አባቴ በባሕር ዛፍ ያቆመው፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ከጎረቤት ጋር ጭቃ ረግጠን የምንመርገው ቤት ማለቴ ነው። አስጎብኚዋ እንደነገረችን እዚያም አገር ሰው አንድ ዘመን በእንጨቱ አፍሮ በልስን ሸፍኖት ነበር። በኋላ በሲሚንቶ ሲለስኑት ደግሞ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቋሚውን ውስጥ ውስጡን በላው።

ይህን ለቤተሰቤ ልነግር እየተጣደፍኩ ስመለስ ታላቅ ወንድሜ ቤታችንን ዙሪያውን በሲሚንቶ ለስኖ ጠበቀኝ።

«ብሎኬት አስመሰልኩት አይደል?» ይላል እየሳቀ።

«ልስኑን አስነሳው! እንጨቱ ይበሰብሳል!» ብዬ ጮህኩ።

«ጀርመን ደርሰሽ መጥተሽ ጭቃ ናፈቀሽ?»

እናቴም ከሱ ወገነች። «ልጄ ከጭቃ ቢያወጣኝ አንቺን ምን ያንገበግብሻል?» አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲላት ሰንብቶ እኔን ማን ይስማ!

ጥቂት ክረምት አለፈና የጓዳው ግድግዳ ጎበጠ። ልስኑ ሲነሳ የአባቴ ምሰሶ እንደ ደረቅ ዳቦ በእጅ ተፈረፈረ። እናቴን አያት ሰፈር ወዳለው የወንድሜ ኮንዶሚኒየም ወሰድናት፤ ቤቱም ፈረሰ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ በፈረሰው ቦታ ለእናቴ ሊሠራላት ያሰበውን አዲስ ቤት ንድፍ በስልኩ አሳያት። ብሎኬት ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ቡናማ እንጨት ቋሚና ሰያፍ እየሆነ ተለጥፎበታል።

«የጀርመን ስታይል ነው፣ እማዬ» አላት፣ የኔን ዓይን እየሸሸ። ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ስልኩን አስጠግታ አየችው።

«እንጨቱ ምን ይሸከማል?»

«ምንም። ለጌጥ ነው።»

«የአባትህን ምሰሶ አበስብሰህ ለጌጥ እንጨት ትለጥፍልኛለህ?» አለችና ስልኩን መለሰችለት። «እኔ እዚያ ቤት አልገባም።»