ከምጽዋ የመጣችው ሚሌቼንቶ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ባል ያገለገለ መኪና ገዛና ሊያስመረምር ጋራዥ ሲወስደው አብሬው ሄድኩ። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ጥቂት ቆየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። «ይቺ መኪና ወደብ ላይ ብዙ ከርማለች መሰለኝ፤ ከውስጥ ጨው በልቷታል» አለ። የልጄ ባል ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ላዝንለት ሲገባ በሐሳብ ጭልጥ ብዬ ሄድኩ። ክፍሎም ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት የእጅ ሥራ አስተምራለሁ፤ ሠራተኛ ሰፈር እትዬ ጥሩነሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዤ እኖራለሁ። ክፍሎም ጓደኛዬ ነበር። ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ መሃል በተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ ሰዓት ይጠግናል። ተወልዶ ያደገው ምጽዋ ነው፤ እናቱም እዚያው ነበሩ። ካያቸው አራት ዓመት አልፎት ነበር።

አንድ ቀን ነጭ ሚሌቼንቶ መኪና እየነዳ ግቢያችን ገባ። ከጥቂት ዓመት በፊት ከምጽዋ ተዛውሮ ከመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው የገዛት። ቀለሟ ከሩቅ ያበራል። እትዬ ጥሩነሽ እልል አሉ። እኔ ዞር ዞር ብዬ ሳያት ከበሩ ሥር ምስር የምታህል እብጠት አየሁ። ካቻቢቴ አምጥቼ ጫን ባደርገው እስከ እጀታው ሰመጠ። ምንጣፉን ስንገልጥ ወለሉ በስቱኮና በቀለም ተሸፍኖ እንጂ ብረት አልቀረውም። ክፍሎም ከፍርፋሪው ቆንጥሮ አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ።

«ባሕር ባሕር ይላል» አለ።

የሚናደድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእኛ ሆነ። እሱ ሱቁን ዘግቶ ቦምቦሊኖ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል፤ ጋዜጣው በዘይት ርሶ ከፊሉ ይነበባል፣ ከፊሉ አይነበብም። እየበላን እንጀምራለን። ጥቅምት ነበርና ፀሐዩ ለስለስ ያለ፣ ነፋሱም ብርድ ያዘለ ነው። በሽቦ ብሩሽ ስንፍቅ ዝገቱ ፀጉራችን ላይ እየሰፈረ ሁለታችንንም ሂና የተቀባ ሽማግሌ ያስመስለናል። ላሜራ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ባዶ የዘይት በርሜል ቀደን፣ በመዶሻ እያቃናን ነው የሠራንባት። የብየዳ ማሽኑን ከትምህርት ቤት ፈርሜ ነበር የማመጣው። ስበይድ የግቢው አምፖል ሁሉ ይጨልማል፤ እትዬ ጥሩነሽም ከቤታቸው ሆነው፣ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ዓይኔን አጠፋችሁት!» ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ቆሎ ይዘው ይወጣሉ።

ክፍሎም እንደ ሰዓት ሠሪነቱ ትንሿን ቀዳዳ አያልፍም። ለዓይን የማይታየውን ቦታ ከሚታየው አብልጦ ይጠነቀቅለታል። እየሠራ ስለ ምጽዋ ያወራኛል፦ እናቱ በሙቀቱ ወራት ውጭ አልጋ ዘርግተው እንደሚተኙ፣ ዓሣ ከነሙቀቱ በእጅ እንደሚበላ። «ከአስመራ በኋላ ቁልቁለት ነው፤ ጆሮህ ድፍን ይላል። ከዚያ ድንገት ባሕሩን ታየዋለህ። እኔ እየነዳሁ አንተ መጀመሪያ ታየዋለህ» ይለኛል። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። እሺ እለዋለሁ። የሰሜኑ ጦርነት እየከፋ መሄዱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ ማውራት ግን ደግ አልነበረም።

የካቲት ላይ ነው ምላሴ ያዳለጠኝ። ከትምህርት ቤት ተበሳጭቼ መጥቻለሁ፤ ፍንጣሪ ደግሞ እጄን አቃጥሎኛል። ክፍሎም ወለሉን ጎንበስ ብሎ እያየ፣ «ለምጽዋ ቁልቁለት ይኼ አይበቃም፤ ላሜራው ድርብ ይሁን» አለኝ።

«የቱ ቁልቁለት?» አልኩት። «መንገዱ ዝግ ነው እኮ! ይቺን መኪና ከደሴ አሳልፎ የሚለቅህ ማነው?»

መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እጁን ታጠበ፤ ኮቱን ከምስማሩ ላይ አወረደ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ማወቄን ግን አንተ ባትነግረኝ ጥሩ ነበር።»

ሦስት ቅዳሜ ቀረ። መኪናዋ ወለሏ ተከፍቶ ግቢው ውስጥ ቆመች። ሥራ ልቀጥል ብዬ ብሞክር ላሜራውን የሚይዝልኝ ሰው የለም። በሦስተኛው ቅዳሜ እትዬ ጥሩነሽ ደጄ ላይ መጥተው ቆሙ።

«ምን አደረግኸው ያንን ልጅ?»

ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ «ጫጫታችሁ ራሴን አዞረው ስል ነበር፤ ዝምታው ባሰብኝ። የእናት ናፍቆት በምክንያት አይመለስም፣ የኔ ልጅ። ሂድና ይዘኸው ና» አሉኝ።

ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ክፍሎም ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ አንዲት የሴት ሰዓት ከፍቷል። ምን እንደምለው መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር፤ እፊቱ ስቆም ሁሉም ጠፋብኝ።

«ወለሉ ቀርቷል» አልኩት። «ብቻዬን አልቻልኩም።»

ቀና ሳይል፣ «ድርብ ነው የምትበይደው?» አለኝ።

«ድርብ ነው።»

ማጉያውን ከዓይኑ አነሳ። «እንግዲያው ማኪያቶ ጋብዘኝ» አለና ሰዓቷን ከድኖ ተነሣ።

ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ጨረስናት። የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ ደብረ ዘይት ሐይቅ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በዘንቢል ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። በየጉድጓዱ ወለሉን በእግሬ እየተጫንኩ አዳምጥ ነበር፤ ድምፅ የለውም። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ክፍሎም ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ። በእፍኙ ጨልፎ ቀመሰ።

«ጨው የለውም» አለና ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ውሃው መልሶ በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። እትዬ ጥሩነሽ ዳቦ ቆርሰው እስኪዞር ድረስ በእጃቸው ይዘው ጠበቁት።

ነሐሴ ላይ እናቱ መታመማቸው ተሰማ። ከቀበሌው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሲመላለስ ሰንብቶ የይለፍ ወረቀት አገኘና በአውሮፕላን ሄደ። ቁልፏን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ «ዝናብ እንዳይገባት» ብቻ ነው ያለኝ። አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ፦ «እናቴ ተሽሏታል፤ ሙቀቱ አይቻልም፤ ባሕሩን ስታይ ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ።» መለስኩለት። ሌላ ይመጣልኛል ብዬ ስጠብቅ ወራት፣ ከዚያም ዓመታት አለፉ። ምጽዋ ጦርነት ሲገባ ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጬ በዜናው የሌለውን የክፍሎምን ስም እፈልግ ነበር።

መኪናዋን ብዙ ዓመት አቆየኋት። መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ልጆችም ሲመጡ ሸጥኳት። የገዛት ሰው ከሥር ገብቶ አይቷት ሲወጣ፣ «ይኼን ወለል ማነው የሠራው?» አለኝ። «ሰዓት ሠሪ» አልኩት። የቀለድኩ መሰለው።

አሁን ሰባ ሊሞላኝ ነው፤ ባሕር አላየሁም። መንገዱ ተከፈተ ሲባል ልጆቼ እንሂድ ብለውኝ ነበር። ማን ያሳየኛል ብዬ ተውኩት። የከነከነኝ ሌላ ነው። እስከ ዓምና እዚያው እትዬ ጥሩነሽ ግቢ ነበርኩ፤ ሰፈራችን ፈረሰና ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን። ሰው ሁሉ ስለ ዕቃው ሲጨነቅ፣ እኔ የተጨነቅኩት ክፍሎም የሚያውቀው አድራሻ ያ ብቻ መሆኑን አስቤ ነው። ስልክ ቁጥሬን ጥግ ላይ ላለው ዳቦ ቤት ሰጥቼ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱም ብዙ አልቆየም።

ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ። ግቢው የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። እዚያ ትንሽ እቆምና እመለሳለሁ። ልጄ የት ነበርክ ስትለኝ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው እላታለሁ።