ሄፓሪን ላይ ያደረው ፕሮቲን

ሥራ በጀመርኩ ቀን የሰጡኝ ዕቃ በረዶ የተሞላ የፕላስቲክ ሳጥን ነበር። የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ዶክተር ንጋቱ፣ "ቄራ ሄደህ የበሬ አንጎል ይዘህልኝ ና" አሉኝ። እኔ እኮ ነጭ ጋውን ልለብስ ነበር የመጣሁት! ስመለስ ሳሪስ አቦ ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። አወረደኝ።

ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ "ሥጋ ነው" እላለሁ።

ሥራችን ከአንጎሉ ውስጥ ሴሎች እንዲባዙ የሚያደርገውን የእድገት ፕሮቲን ለይቶ ማውጣት ነው። ከውጭ ሲታዘዝ ወራት ይፈጃል። አንጎሉን ፈጭተን፣ አጣርተን፣ ኮለም በምንለው የመስታወት ቱቦ ውስጥ እናሳልፈዋለን። ቱቦው ሄፓሪን የተጣበቀባቸው ጥቃቅን ፍሬዎች አሉበት። ሄፓሪን ሐኪም ቤት ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ ለካ እሱ ራሱ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው፣ አሉታዊ ቻርጅ የተሸከመ። ፕሮቲናችን ደግሞ አዎንታዊ ቻርጅ ያለበት ጎን አለው፤ ሄፓሪኑን ሲያገኝ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ሌላው ሁሉ በቀጭን የጨው ውሃ ታጥቦ ይሄዳል። በመጨረሻ ወፍራሙን የጨው ውሃ ስናፈስ እሱም ይለቃል።

ጽጌ የመጣችው እኔ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት ነው። አባቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ቁስላቸው አልድን ብሎ አንድ እግራቸው ተቆርጧል። ስለ ቁስል የምታጠናው በእሳቸው ምክንያት መሆኑን አልደበቀችንም። በብዙ ልፋት ያሳደገቻቸው የቆዳ ሴሎች ያለዚያ ፕሮቲን መሞታቸው ነው።

ሁዳዴ ሲገባ የምንሄድበት ቄራ እርድ አቆመ ማለት ይቻላል። እስከ ፋሲካ አንጎል የለም። በቅበላው ያመጣነውን ሁሉ ኮለሙ ላይ ጭነን፣ በቀጭኑ ጨው አጥበን ስንጨርስ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም ናፍጣ አልነበረውም። ኮለሙ ያለበት ማቀዝቀዣ መሞቅ ጀመረ።

ጽጌ ወፍራሙን የጨው ውሃ ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ እባክዎ ወፍራሙን ጨው ያፍስሱልኝ። እዚያው ውስጥ እንዳለ ይበላሽብኛል" አለችኝ።

እንቢ አልኳት። ፕሮቲኑ ሄፓሪኑን እንደያዘ ሙቀት ይችላል፤ ለብቻው ከወጣ ግን ብዙም አይቆይም። ይህን ከመጽሐፍ ያነበበችልኝ ራሷ ናት፤ ድንጋጤ ነው ያስረሳት። ወደ ዶክተር ደወልን። "ጨው እንዳትነኩ" ብለው ዘጉ።

መብራት የመጣው በማግስቱ ከሰዓት ነው። ማቀዝቀዣው በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን አፈሰስን። ሴሎቹ ከዚያ ጠብታ ተሰጣቸው። ከቀናት በኋላ ጽጌ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለችና ሳትናገር ቦታዋን ለቀቀችልኝ። አየሁ። ሴሎቹ ተባዝተው ሳህኑን ሞልተውታል።

ለፋሲካ ኮዬ ፈጬ ቤታቸው ጠራችን። አባቷ ክራንቻቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። በሰው ገላም ውስጥ በሴሎች ዙሪያ የሄፓሪን ዘመድ የሆነ ስኳር እንዳለ፣ ፕሮቲኑን ይዞ አቆይቶ ቁስል ሲመጣ እንደሚለቀው ነገረቻቸው።

"ለእኔ እግር አልደረሰም" አሉ አባቷ። "ለሚመጣው ይድረስ።"

ጽጌ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ገቢዎች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህን ነው፦ ፕሮቲኑ የሚያርፍበት ቦታ ሳይቀዘቅዝ ጨው አታፍስሱ።