የፈረንጅ ዘጠኝ

ባለፈው ሳምንት ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ፣ ሉዊስ ሴንተር፣ ልጄ ቤት ነበርኩ። አንድ ትራክ መጣና ሣር አወረደ። የታጨደ ሣር አይደለም፤ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ እንደ ሰሌን የተጠቀለለ። ሁለት ሰዎች ዘረጉት፣ በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት፣ እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ደጁ አረንጓዴ ሆነ።

«ዳዲ፣ ኢዚ ነው እኮ!» አለችኝ ልጄ።

ለእሷ ኢዚ ነው። እኔን ግን ሣር አንድ ሰመር ሙሉ አዋርዶኛል።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ በመጣሁ በዓመቱ ጋሼ ወርቁ ቤት፣ ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ እኖር ነበር። ጋሼ ወርቁ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከመካከላችን መጀመሪያ ቤት የገዙትም እሳቸው ናቸው። ቤቱ አዲስ ነው፤ ደጁ ግን ባዶ ጭቃ። ሰብለ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ነገሩን ላሳጥረው፤ ወደድኳት። እሷም አልጠላችኝም። እኔ ግን ዘመድ የለኝ፣ ትምህርት የለኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት እንኳ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። በምን አፌ ልጅዎን ይስጡኝ ልበል?

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ጋሼ ወርቁ ስለ ጭቃው ሲያማርሩ ዕድሌ መጣ አልኩ። «ለእኔ ይተዉልኝ። እኔ የአርሲ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ስንዴ ያበቀለ ሰው ሣር ያቅተዋል?» ሰብለ ወጥ እያወጣች ሳቀች።

ጎረቤታችን ዋልተር የሚባል ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነበር። ሣሩ ላይ እንቁላል ብትጥልበት አይሰበርም። ዶማ ይዤ አፈሩን ስገለብጥ አየኝና መጣ። ብዙ ተናገረ። የእኔ እንግሊዝኛ ያኔ የስ እና ኖ ነው። እንዳልገባኝ ሲያይ የገዛሁትን የሣር ዘር ከረጢት ጠቆመና ዘጠኝ ጣት ዘረጋ። «መንዝ ናይን! መንዝ ናይን!»

ወር ዘጠኝ ማለቱ ገባኝ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያልኩ በጣቴ ብቆጥር ዘጠነኛው ግንቦት ነው። ግንቦት ደግሞ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሰውየው አርፍደሃል፣ ፍጠን እያለኝ ነው ብዬ ዘሩን በዚያው ቀን በተንኩት። ዋልተር ራሱን እየነቀነቀ ቤቱ ገባ።

መጀመሪያ በቀለልኝ። ቀጭን፣ ለምለም፣ እንደ ጤፍ ቡቃያ። ጋሼ ወርቁ ከሥራ ሲመጡ መኪናቸውን ሳያጠፉ ቁጭ ብለው ያዩት ነበር። ልቤ ሽማግሌ መላክ ጀመረች። ከዚያ ሐምሌ ገባ። እኛ አገር ሐምሌ ዝናብ ነው፤ እዚህ እሳት ነው። ጠዋት ማታ ባጠጣ፣ ባጠጣ፣ ቡቃያው ገለባ ሆነ። የተረፈው አረም ብቻ።

ጋሼ ወርቁ ደጁ ላይ ቆመው፣ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። አንተ እኮ ሣሩንም አላየኸው!» አሉኝ። ሰብለ መስኮቱ ላይ ነበረች።

ንዴቴን የተወጣሁት በዋልተር ነው። ሆን ብሎ አሳስቶኛል፣ ምቀኛ ነው አልኩ። እጁን ሲያነሣልኝ አንገቴን አዞራለሁ። አንድ ወር ያህል እንዲህ ሄደ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሰብለ፣ «ሰውየው ምን አደረገህ?» ብላ ያዘችኝ። ነገርኳት። ሳቅ አፈናት።

«አንተ! የፈረንጅ ዘጠኝ እኮ መስከረም ነው! ጠብቅ ነው ያለህ!»

«ታዲያ ለምን መስከረም አይልም?»

«በአማርኛ?»

ያም ሆኖ ዋልተርን ይቅርታ ልጠይቅ ሦስት ቀን አልሄድኩም። በመጨረሻ ሰብለ፣ «አባባ ደጁን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው። ለአንድ ይቅርታ እንዲህ ካንገራገርክ እኔም ይቅርብኝ» አለችኝ። ይህን ስሰማ ተነሣሁ። የይቅርታውን ቃል በእንግሊዝኛ አስጠንታኝ ነበር፤ ዋልተር ፊት ስቆም ጠፋኝ። ዘጠኝ ጣቴን ብቻ አነሣሁ። ሰውየው ጣቴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ከዚያ ጋራዡን ከፍቶ ሬኩን፣ ያን ባለ ጥርስ የአፈር መቧጠጫ፣ አወጣ።

መስከረም እንደጠባ አብረን ዘራን። አፈሩ ገና ሞቅ ያለ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ጤዛ አለ። ዘሩን እንደ ስንዴ አትቅበረው፤ በሬክ ዳበስ አድርገህ ርገጠውና ተወው። ሲያድግም እንደ አዝመራ እስከ ሥሩ አትጨደው፤ ሲሶውን ብቻ። ይህን ሁሉ በእጁ ምልክት ነው ያስተማረኝ። ጥቅምት ላይ ጋሼ ወርቁ ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ ሣር ጎተቱ። አልነቀል አላቸው። እጃቸውን አራግፈው ወደ ቤት ገቡ።

ሽማግሌ ላክሁ። ሁለቱን ከጸሎት ቤት አገኘሁ፤ ሦስተኛው ዋልተር ሆነ። ከረባት አስሮ መጣ። ሁለቱ እንደ ደንባችን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ሲቆሙ፣ እሱም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ቆመ። በኋላ እንደነገሩኝ ጋሼ ወርቁ ወደ እሱ ዞረው በእንግሊዝኛ፣ «አንተስ ስለዚህ ልጅ ምን ትላለህ?» አሉት።

ዋልተር አሰበና፣ «ግትር ነው። ግን አንድ ጊዜ አለማወቁ ገብቶት ተመልሶ መጥቶ ጠይቆኛል» አለ።

«አንዴ የጠየቀ ሁለተኛም ይጠይቃል» አሉ ጋሼ ወርቁ። «ተቀመጡ።»

ያቺ «ተቀመጡ» እሺ ማለት ናት።

ዋልተርም፣ ጋሼ ወርቁም ካረፉ ቆዩ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፤ አብዛኛውን ያበላሸሁት ባለማወቅ ሳይሆን የማውቅ መስሎኝ ነው። ትናንት ይህን ለሰብለ አልኳትና የአባቷን «አንዴ የጠየቀ ሁለተኛም ይጠይቃል» የሚለውን ቃል አነሣሁላት።

«አባባ የዋህ ነበሩ» አለችኝ። «ሁለተኛውን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እየጠበቅሁ ነው።»