ዓይኔ ውስጥ የታየው መስቀል

ጻፊ እንግዲህ፤ እኔ እንደምነግርሽ እንጂ እያሳመርሽ አይደለም።

ቀኝ ዓይኔን ሞራ ጋርዶት፣ ግራዬም ደክሞ፣ ጥጥ ስፈትል ክሩን በጣቴ እየዳበስሁ ነበር የምይዘው። ከኮሶዬ ጎንደር ወረድሁ። የባሌ ወንድም ቄስ ናቸው፤ "ብቻሽን አትሄጅም" ብለው ተከተሉኝ። ሐኪሙ ሸጋ ልጅ ነው። "እማማ፣ ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወጣል። አስቀድሜ ግን የዓይንዎን ፊት ፎቶ ላንሳው" አለና መብራት አበራብኝ። መብራቱ ፊት አንድ ጥቁር ስስ ላስቲክ፣ ካሜራው ፊት ሌላ አደረገ። ፎቶው ቴሌቪዥኑ ላይ ሲወጣ ዓይኔ ውስጥ ጥቁር መስቀል፣ ዙሪያውን እንደ ቀስተ ደመና ያለ ቀለም!

አባ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተንደርድረው ቴሌቪዥኑን ሳሙት።

"አባ፣ የሁሉም ሰው ዓይን እንዲህ ነው" አለ ሐኪሙ። "የዓይን ፊት ሲያዩት መስታወት ይምሰል እንጂ ስስ ክር በክር ላይ ተነባብሮ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ላስቲክ ባንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። ሁለተኛው አግድም ስለተቀመጠ ያንኑ ያግደዋል። ክሮቹ ግን መሐል ገብተው ብርሃኑን ያጣምሙትና ያልፋል። ክሮቹ ከላስቲኮቹ ጋር በገጠሙበት መስመር ብቻ አይጣመምም፤ እዚያ ይጨልማል። መስቀል የመሰለዎት እሱ ነው።"

እኔ ፈታይዋ ገባኝ። ዜማ ቤት ሲማሩ ያረጁት አባ አልገባቸውም።

ኮሶዬ ሳንደርስ በስልክ አዳርሰውት ኖሯል። ዓመቱን ሙሉ በሐሜት ሲቦጭቀኝ የከረመ ጎረቤት ሁሉ "እስቲ በዚያ ዓይንሽ እዪን" እያለ ደጄን ሞላው። ምኑን ልያቸው? አይታየኝ!

አባም ፈረዱ፤ "መስቀል ያለበት ዓይን በምላጭ አይነካም።"

"ምነው አባ፣ እኔ ልታወር፣ እርስዎ ሊከበሩበት?"

"አፍሽን ያዢ አንቺ!"

አልያዝሁም። የቀጠሮዬ ዕለት "እንግዲያው እዚያው መጥተው ያስቁሙኝ" ብዬ ይዣቸው ወረድሁ። "ልጄ፣ መጀመሪያ የአባን እይልኝ" አልሁት ሐኪሙን። መስቀል። ወረፋ ከሚጠብቁት መሐል ቅቤ በድንች ለውሳ የምትሸጥልን ሴትዮ ነበረች፤ ጎትቼ አስቀመጥኋት። መስቀል! እንዲያውም ከአባ ይልቅ የጠራ።

አባ ይሸነፋሉ ብዬ ነበር፤ የት ተደርጎ!

"እኮ! የተባረከው ቦታው ነዋ!" አሉ።

"ቦታው ከተባረከማ ምላጩም ተባርኳል" አልሁና ገብቼ ተጋደምሁ።

በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታልኝ መጀመሪያ የታዩኝ እሳቸው ናቸው። ጥምጣማቸው እንዲያ አድፎ ኖሯል? እኔ እኮ እስከ ዛሬ ነጭ ነበር የሚመስለኝ።