«አንቀመጥም» ያሉት ሽማግሌዎች

የአባዬ ሆድ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ተገኘና አጎቴ አዲስ አበባ ይዞት ሄደ። ሐኪሙ መንገዱ ሁለት ነው አሉ፤ ወይ ሆድ ከፍቶ ያበጠውን በሰው ሠራሽ ቱቦ መተካት፣ ወይ በብሽሽት በኩል ቱቦ አሾልኮ ቧንቧውን ከውስጥ መደገፍ። የአባዬ ቧንቧ ለሁለተኛው አልተመቸም፤ ሆዱ ሊከፈት ሆነ።

በቀዶ ጥገናው ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን ተንኳኳ። ስከፍት ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው መርዶ ይዞ ነው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው።

«አንቀመጥም።»

«ወይኔ አባዬ!» ብዬ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። እናቴም ከጓዳ ወጥታ ደረቷን መድቃት ጀመረች።

ከሦስቱ አንዱ፣ የጠዳ ከተማው ነጋዴ አያ ጌጡ፣ ደነገጡ። «ምነው ልጄ! አባትሽ እኮ ‹በሰላም ከነቃሁ ሽማግሌ ይዘህ ና› ብሎኝ ነበር የሄደ። ማታ አጎትሽ የእናንተ ስልክ አልሠራ ቢለው ለእኔ ደውሎ፣ ነቅቷል፣ ሸጋ ነው አለኝ።»

እናቴ እንባዋን እየጠረገች «ታዲያ ለምን አትቀመጡም?» አለች።

«ልጅሽን ለልጄ ሳትሰጭኝ እንዴት እቀመጣለሁ?»

ልጇ እኔ ነኝ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ለአባዬ ይሁን ለእኔ እስካሁን አልነገረችኝም።