የአለቃ ወገብ

አምሳሉ ቅኔ ሊማር ዲማ ሄዶ ልብስ ሰፊ ሆኖ የተመለሰ ሰው ነው። ጓደኞቹ የቅኔውን ምስጢር ሲሹ እርሱ የመምህሩን የቀሚስ ዘርፍ ሲመረምር ይውል ነበር። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ ለሴቶችና ለካህናት ይሰፋል። ከሁለቱ ጥልፍ የሚያበዙትም መስተዋት ፊት የሚቆዩትም ካህናቱ ናቸው።

ጥምቀት ሲቃረብ የኔአለም የሚባል ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። በሩቅ ከተሞች ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶች በየጭፈራ ቤታቸው ያስለመዱትን ልብስ አሳየው፤ ወገቡ የጠበቀ፣ ከታች እንደ ቀሚስ የሚዘረጋ ረጅም ካፖርት።

«ጋሼ አምሳሉ፣ ይህን ለእኔ።»

«ወገቡን ይህን ያህል?»

«መተንፈሻ ብቻ ተውልኝ።»

አምሳሉ የልጁን ነገር ያውቃል፤ አይጠይቅም። ሰፋለት። ስሕተቱ የደብሩን አስተዳዳሪ የአለቃ የኋላሸትን ካባ ከሚሰፋበት ከዚያው ወይን ጠጅ የከፈይ ጣቃ ላይ መቅደዱ ነበር።

ወሬው ደብሩ ደረሰ። አስተዳዳሪው አለቃ የኋላሸት ባለ ዘርፍ ጃንጥላቸውን አስይዘው መጡ።

«ለወንድ ቀሚስ ሰፋህ አሉኝ!» አሉ፣ የራሳቸውን ቀሚስ ከአቧራ እየሰበሰቡ። «ይህን ነውር ካልተውህ የደብሩን ሥራ ለሌላ እንሰጣለን። በል አሁን ካባዬን ልለካ።»

የደብሩ ሥራ ከቀረ ሱቁ ይዘጋል። አምሳሉ ይህን ሲያስብ አለቃ ከተሰቀሉት ሁለት ልብሶች አንዱን ራሳቸው አንሥተው ለበሱ። መስተዋት ፊት ዞሩ። ሆዳቸውን ሳቡ፤ ደግመው ዞሩ።

«እንዴት ያለ ወገብ ነው! ጎረምሳ አደረግኸኝ እኮ።»

ዝም ቢል ሱቁ ይድናል፤ የኔአለም ግን ልብሱን ያጣል።

«የኔታ… እሱ የየኔአለም ነው። የእርስዎ ያ የተሰቀለው ነው።»

አለቃ የተሰቀለውን አዩት፤ ድንኳን ያህላል። የለበሱትን ግን ለማውለቅ አልቸኮሉም።

«እንግዲያው የእኔንም እንዲሁ አጥብበው» አሉ በመጨረሻ። «ነውሩ ግን ነውር ነው።»

በጥምቀት አለቃ ወገባቸውን አጥብቀው ታቦቱን አጀቡ። የየአድባራቱ ዲያቆናት ዐይናቸውን መንቀል አቃታቸው፤ ወዲያው «የአለቃን ወገብ» ሊያሠሩ አምሳሉ ደጅ ተሰለፉ።

በዚያው በዓል የኔአለምም ካፖርቱን ለብሶ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ነበር። እማማ ጥሩብርሃን የተባሉ አሮጊት ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ፣ የአባቶችን ልብስ ስትኮርጅ አታፍርም?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፤ አለቃ ላይ ሳየው አምሮኝ ነው» አለ የኔአለም።