ጂራ?

መኪናዬ ነገ ዓመታዊ ምርመራ ስላለባት ጋራዥ አስገብቼ ሞተሯን በናፍጣ እያጠቡልኝ ነበር። ሽታው ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ወደ ልጅነት ግቢያችን ወሰደኝ።

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለቦሎ ሲዘጋጅ ከአሮጌዋ ፒካፕ ኋላ ያቆመኝ ነበር። ፍሬን ይረግጥና በጎጃም ቅላጼው በኦሮምኛ "ጂራ?" ይለኛል፤ መብራቱ አለ ወይ ማለቱ ነው። ቀዩ ቦግ ሲል "ጂራ!" ብዬ እጮኻለሁ።

"አየሽ ልጄ፣ ሰው የኋላ መብራቱን ራሱ አያይም። ከኋላው የቆመ ይነግረዋል እንጂ" ይለኝ ነበር። የመኪና ወሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬም ታጥባ ስታበቃ መሪው ጋ ተቀምጬ ፍሬኑን ረግጬ ሳላስበው "ጂራ?" አልኩ።

"ሂን ጂሩ፣ አዴ" አለ መካኒኩ ከኋላ። "የለም።"

እሱስ ያለው ስለ አምፖሉ ነው። እግሬን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት ግን አቃተኝ።